ከቅጣቱ በፊት ፓምፑ

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ የሚነሣው ቅሬታ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የጥገና ቅሬታ ሲሆን፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ቆየ፣ ፓምፑ ውኃ አይስብም፣ የፍሳሹ ጉድጓድ ሞልቶ ሸተተ የሚል ነው። ሌላው የደንብ ቅሬታ ሲሆን፣ እገሌ ወርኃዊ መዋጮ አይከፍልም፣ እገሊት ደረጃ ላይ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ የምድር ቤቱ ነጋዴ ግድግዳ አፈረሰ፣ ተከራዮቹ ሌሊቱን ሲጮኹ ያድራሉ የሚል ነው። በደብረ ማርቆስ ከሚገኙት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ የማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ የታዘብሁት፣ ኮሚቴዎች ጥገናውን «ገንዘብ ሲገኝ» እያሉ ሲያሳድሩት ደንቡን ግን ዛሬውኑ በቅጣት ለማስከበር የሚጣደፉ መሆናቸውን ነው። የእኔ አስተያየት የዚህ ተቃራኒ ነው። የጋራው ነገር ተሰብሮ በተተወበት ሕንፃ ላይ የሚወጣ ደንብ አይከበርም፤ ሊከበርም አይገባውም ለማለት አንዳንዴ ይቃጣኛል።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመያዝ ያህል፣ የዚህ ዓይነቱ ኑሮ የሚመራው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ በሚባለው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። በዚህ ሥርዓት በርህን ዘግተህ የምትኖርበት ክፍል የግልህ ሲሆን፣ ጣሪያው፣ ኮሎኑ፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ግቢው፣ እንዲሁም ከአንድ ቤት በላይ የሚያገለግለው ቧንቧና ሽቦ የሁሉም ነው። ቤት ያለው ሁሉ የማኅበሩ አባል ነው፤ «እኔ አልተመዘገብሁም» ብሎ ከመዋጮ መውጣት የለም። ማኅበሩም የሕግ ሰውነት ስላለው በራሱ ስም ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ በባንክ ሒሳብ ይከፍታል። ይህን የምዘረዝረው ብዙ ነዋሪ ኮሚቴውን የቀበሌ ቅርንጫፍ አድርጎ ስለሚያይ ነው። አምፖል ሲቃጠል «መንግሥት ይቀይርልን» የሚል ሰው አሁንም በየስብሰባው አይጠፋም። ቤቶቹን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተቀናጀው የቤቶች ልማት ፕሮግራም ያሠራውና በዕጣ ያስተላለፈው መንግሥት መሆኑ እውነት ነው፤ ቁልፉን ካስረከበ በኋላ ግን አምፖሉ የእኛ ነው።

ወደ ፓምፑ ልምጣ። በከተማችን ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ከመስመሩ የሚገባው ውኃ መጀመሪያ መሬት ላይ ባለው ማጠራቀሚያ ይጠራቀምና ከዚያ በጋራ ፓምፕ ተገፍቶ ጣሪያ ላይ ወዳሉት ሮቶዎች ይወጣል። ይህ ፓምፕ ውኃ ሳይኖር እንዳይሠራ ማጠራቀሚያው ሲጎድል ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ማብሪያ ማጥፊያው ሲበላሽ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶ ፓምፑን አስነሣው። ፓምፑም እንደተፈራው አንድ ሌሊት በባዶው ሲሽከረከር አድሮ ተቃጠለ። የዚያን ጊዜው ኮሚቴ «ስብሰባ ተጠርቶ መዋጮ እስኪወሰን» እያለ ወራት አሳለፈ። በዚህ መሐል አቅም ያለው ሁሉ ትንሽ የግል ፓምፕ እየገዛ ከዋናው መስመር ላይ ቀጠለ።

ከመስመር ላይ በቀጥታ መሳብ ምን እንደሚያስከትል የቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። አንዱ ሲስብ የጎረቤቱ ቧንቧ ይደርቃል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚወድቅም በላላ መጋጠሚያ በኩል የውጭ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ኮሚቴው ይህን ሲያይ የግል ፓምፕ የሚከለክልና የሚቀጣ ውሳኔ አሳለፈ፤ ማስታወቂያውም ማኅተም ተመቶበት በየደረጃው ተለጠፈ። አንድም ሰው ፓምፑን አላነሣም። ለምን ያነሣል? ልጆቹን የሚያጥበው በዚያ ፓምፕ ነው። ማስታወቂያውን የለጠፈው የኮሚቴ አባል ራሱ ከፓርኪንግ ኃላፊው ቤት በጀሪካን ውኃ እያስቀዳ እንደነበረ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ቀጥሎ የተመረጠው ኮሚቴ ሥራውን ከሌላ ጫፍ ጀመረ። ስለ ቅጣት አንድም ቃል ሳይናገር፣ ለፓምፕና ለተንሳፋፊው ብቻ የሚሆን መዋጮ ጠየቀ፤ ከሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ አሰባስቦ ሦስቱንም ከምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ የተገዛው ሲመጣም ደረሰኙን ከጎናቸው አያይዞ ለጠፈ። የማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ተቆለፈ፤ ቁልፉም በፊርማ ለጥበቃው ተሰጠ። ውኃው ወደ ሮቶ መውጣት ሲጀምር አብዛኞቹ የግል ፓምፖች ማንም ሳያዝዛቸው ጠፉ፤ ኤሌክትሪክ እየከፈሉ የጋራ ውኃ በግል ፓምፕ የሚስቡበት ምክንያት አልቀረምና። የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ለእነርሱ ደንቡ በቂ ሆነ። ያው ወረቀት፣ ያው ማኅተም፣ ያው የቅጣት አንቀጽ ነው፤ የተለወጠው ሮቶው መሙላቱ ብቻ ነው።

ኮሚናል እየተባለ በሚጠራው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ላይም የሆነው ተመሳሳይ ነው። የኮንዶሚኒየም ንድፍ ሲወጣ ከፎቅ ሕይወት ጋር የማይስማማውን የቤት ሥራ ሁሉ፣ ማለት በግ ማረዱን፣ እንጀራ መጋገሩን፣ ልብስ ማጠቡን፣ በርበሬ ማመሱንና መደለዙን፣ ወደዚህ ቤት ለመውሰድ ታስቦ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። የእኛ ኮሚናል ግን ገቢ ያስገኝ ተብሎ ለአንድ እህል ነጋዴ በመጋዘንነት ተከራይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ «በደረጃና በኮሪደር ላይ በርበሬ ማመስ፣ በክፍል ውስጥ በሙቀጫ መውቀጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚል ደንብ ወጣ። በርበሬ በደረጃ ላይ ሲታመስ ጢሱ እስከ ላይኛው ፎቅ እየወጣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ያስነጥሳል፤ ከላይ በሙቀጫ ሲወቀጥ ደግሞ ከታች ያለው ሰው ኮርኒሱ የተናደ እስኪመስለው ድረስ ይደነግጣል፤ ስለዚህ ደንቡ በይዘቱ ትክክል ነበር።

ደብዳቤውን ይዤ የላይኛው ፎቅ ላይ ወደሚኖሩ አንዲት እናት የሄድሁት እኔ ነበርሁ። ከሰሉን ደረጃው ጥግ ላይ አቀጣጥለው፣ በብረት ምጣዱ ላይ የተሰጣውን ዛላ በማማሰያ እያገላበጡ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ደንብ መውጣቱን ሰምተዋል?» አልሁ።

«ሰምቻለሁ ልጄ፤ ተቀመጥ እንጂ፣ ለምን ቆመህ ትናገራለህ?» አሉና ደብዳቤውን ሳያዩ ተቀበሉኝ። «እኔ የምልህ፣ ኮሚናሉን ክፈቱልኝ። ከፍታችሁልኝ እዚህ ሳምስ ብታገኙኝ ያን ጊዜ ቅጡኝ፤ አልናገራችሁም። አሁን ግን በርበሬውን ጭኜ የት ልሂድ? ማርቆስ ገዳም ልግባ?»

ያሉት ነገር ከማኅበሩ ደንብ በላይ ሕግ ነው የመሰለኝ። በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ እንዲጻፍ አድርጌአለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው የእህል ነጋዴው ውል ሲያልቅ እንዳይታደስ ወሰነ፤ ማኅበሩ የኪራይ ገቢውን አጣ፤ በምትኩ ግን በበዓል ዋዜማ ቅርጫ የሚያርደው ሁሉ ደሙንና ፈርሱን ወደ ደረጃው ማንሆል መድፋቱን አቆመ። ይህ ማንሆል በየበዓሉ ማግሥት ይደፈንና የቧንቧ ሠራተኛ ያስጠራ ስለነበር፣ የተረፈውን ወጪ ሳሰላው ከኪራዩ ብዙም የማያንስ ሆኖ አገኘሁት።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ላንሣ። «እድራችን እንዲህ ሲከበር ማኅበራችን ለምን አይከበርም?» ይሉኛል። በጎጃም እድር ምን ያህል እንደሚፈራ መንገር አያስፈልግም። በፍርድ ቤት ከዳኛ ጋር የሚሟገት ሰው ከእድር ዳኛ ጋር አይሟገትም፤ ለቀብር ያልወጣ ሰው ስሙ ሲጠራ አንገቱን ደፍቶ ቅጣቱን ይከፍላል። አንዳንድ ኮሚቴዎች ይህን አይተው የእድሩን የቅጣት ሠንጠረዥ ቃል በቃል ወደ ኮንዶሚኒየሙ መተዳደሪያ ደንብ ገልብጠውታል፤ ግን አልሠራላቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። እድር የሚነፍገው ነገር አለው፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰውን ይነፍጋል፤ ሬሳህን ይዘህ ብቻህን ትቆማለህ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚነፍገው ምንድን ነው? የደረጃው መብራት ለከፈለም ላልከፈለም ያበራል፤ ጣሪያው የሁሉንም ራስ ይከልላል፤ ጥበቃው የማይከፍለውን ሰው በር ለይቶ ለሌባ አይተውም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው የማይከፍለውን ውኃ እንቁረጥበት» የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይቀርባል፤ እኔም በየዓመቱ እቃወመዋለሁ። የቤቱ ቆጣሪ በከተማው ውኃ አገልግሎትና በደንበኛው መካከል ያለ ውል ነው፤ ማኅበሩ በዚያ ውል ውስጥ እጁን የሚያስገባበት መብት የለውም። ከሕጉ ባሻገርም ቤት ውስጥ አራስ ወይም በሽተኛ ቢኖር ነገሩ ከገንዘብ ጉዳይ ወደ ደም ጉዳይ ይሸጋገራል።

ከእድር መወሰድ ያለበት ሌላ ነገር ነው። እድር ቀኑ የታወቀ ነው፤ ስብሰባ ለማድረግ ስብሰባ አይጠራም። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማን እንዳለበት ማን እንደሌለበት በስም ይነበባል። ከሁሉ በላይ ግን እድር ሰው በሞተበት ሰዓት ይደርሳል፤ ጡሩምባው ተነፍቶ ድንኳኑ ሳይውል ሳያድር ይተከላል። ሰው ቅጣቱን የሚከፍለው በአስቸጋሪው ቀን እድሩ መድረሱን በዓይኑ ስላየ ነው። ማኅበራችንም ጣሪያ ባፈሰሰበት ሳምንት ከደረሰ መዋጮ ለመሰብሰብ የሚከፍለው ልፋት በግማሽ ይቀንሳል። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሒሳብ የሚነበብበት ቀን እንዲሆን ያደረግነው ይህንኑ በማሰብ ነው።

ጥገናን በተመለከተ በጣም የሚያጣላው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ውኃ ነው። የታችኛው ነዋሪ ኮርኒሱ ሲጠቁር ወጥቶ የላይኛውን በር ያንኳኳል፤ የላይኛው «እኔ ቤት ጠብታ የለም፣ ግባና እይ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታም ይቋረጣል። ኮሚቴ ለዳኝነት ሲጠራ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለውን ሳይሆን «እርጥበቱ መቼ ይጨምራል?» የሚለውን ነው። ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ የሚረጥብ ከሆነ ግፊት ያለበት የንጹሕ ውኃ መስመር ተሰንጥቋል ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን ማየት ይበቃል፤ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ከዞረ ውኃው በግድግዳ ውስጥ እየሄደ ነው። ገላ ከታጠቡ ወይም ልብስ ካጠቡ በኋላ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ችግሩ ያለው በፍሳሹ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የመታጠቢያው ሲፎን መጋጠሚያ ወይም ከሴራሚኩ ሥር ያለው ውኃ መከላከያ ነው። ቀለም የተበጠበጠበት ውኃ አፍስሶ ታች መውጣት አለመውጣቱን መጠበቅ ክርክሩን ይዘጋል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚረጥብ ከሆነ ግን የላይኛው ነዋሪ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ጣሪያው ወይም አሸንዳው ይጠየቅ።

በአንድ ብሎክ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ተከራይና ከላዩ የሚኖሩ አዛውንት በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው ነበር። ቀይ የበዓል ዳቦ ቀለም በውኃ በጥብጠን በአዛውንቱ መታጠቢያ ቤት አፈሰስን፤ ታች ወርደን ስንጠብቅ ኮርኒሱ ላይ አልመጣም። በማግሥቱ ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ጥቁሩ ቦታ ሰፋ። ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ሲወጣ የዝናብ ውኃ ማውረጃው ቱቦ አፍ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በወፍ ጎጆ ተደፍኖ፣ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በግድግዳው ውስጥ ሲወርድ አገኘው። ወጪው የጋራ ሆነ፤ አዛውንቱም «እንግዲህ ልጄ፣ ለጎጆው ወፏን ክሰሳት» ብለው ታረቁት።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ከሰኔ እስከ መስከረም የማይላቀቅ ከተማ ስለሆነች፣ አሸንዳ ማጽዳት እዚህ አገር የውበት ሥራ አይደለም። የተደፈነ አሸንዳ ግድግዳውን ያረጥባል፤ የረጠበ ልስን ይነፋና ይረግፋል፤ ብሎኬቱ ውኃ ይጠጣል፤ ከቆየም እርጥበቱ ወደ ኮንክሪቱ ዘልቆ ፌሮውን ያዝጋል፤ የዛገ ፌሮ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ በግንቦት በአንድ ሠራተኛ የቀን ሒሳብ የሚያልቀው ሥራ፣ ከዓመታት በኋላ መሐንዲስ ያስጠራል። ስለዚህ በደንባችን ላይ የግንቦት አሸንዳ ጽዳት የማንንም ውሳኔ ሳይጠብቅ የሚፈጸም ሥራ ተብሎ ተጽፏል። ግቢ መጥረግና ሣር ማጨድ በደቦ ይሁን፤ ደስ ይላል፤ ቡናም ይፈላበታል። ጣሪያ ላይ መውጣትና ኤሌክትሪክ መንካት ግን በደቦ አይሆንም፤ ሰው ቢወድቅ የሚጠየቀው ማኅበሩ ነው።

የማን ወጪ ነው የሚለውን ክርክር ለማሳጠር ከደንቡ ጋር የተያያዘ አንድ ገጽ ሠርተናል። ከላይ እስከ ታች በሁሉም ቤት የሚያልፈው ቋሚ የፍሳሽ ቱቦ የጋራ ነው፤ ከቋሚው ቱቦ ወደ መታጠቢያ ቤትህ የሚገባው ቅርንጫፍ የግልህ ነው። እስከ ቆጣሪህ ድረስ ያለው ሽቦ የጋራ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የአንተ ነው። መስኮትህ የአንተ ነው፤ መስኮቱ የተሰካበት የውጭ ግድግዳ የጋራ ነው። ይህ ገጽ ችግር ሳይፈጠር፣ ማንም በማንም ላይ ቂም ሳይዝ የተጻፈ በመሆኑ ሁሉም ያለ ክርክር ፈርሞበታል። መዋጮውንም በእኩል ሳይሆን በምዝገባ ሰነዱ ላይ በሰፈረው የየቤቱ የጋራ ድርሻ አድርገነዋል፤ ስቱዲዮ ያለው ሰው ከባለ ሦስት መኝታው እኩል ለጣሪያ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ደንብ ማስከበሩ ላይ ስመለስ፣ ትልቁ መሰናክል ይሉኝታ ነው። የምትቀጣው ሰው ነገ በእድር አብሮህ ሬሳ የሚሸከም፣ ልጅህን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልህ ጎረቤት ነው። ይሉኝታን የሚያሸንፈው ሥርዓት ነው፤ የተናጋሪው ድፍረት ብዙ አይረዳም። የመጀመሪያው ንግግር በቃል፣ በቤቱ ውስጥ፣ ሰው በሌለበት፣ በሚያከብረው ሰው አማካይነት ይሁን። ደረጃ ላይ ሰው እየሰማ የተነገረ ሰው ጥፋቱን አያርምም፤ ክብሩን ብቻ ይከላከላል። ካልታረመ ደብዳቤ ይጻፍለት፤ በደብዳቤውም ላይ የደንቡ አንቀጽ፣ ቀኑና የታየው ነገር ይጠቀስ፤ «ሥነ ምግባር የጎደለው ተግባር» የሚል ነገር አይጻፍ። ደብዳቤውን አልቀበልም ካለ በሁለት ምስክር ፊት በበሩ ላይ ይለጠፍና ምስክሮቹ ይፈርሙ። ከዚያም ኮሚቴው ጠርቶ ይስማው። ሳይሰሙት መቅጣት ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰ ዕለት ማኅበሩን ያዋርዳል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ለኮሚቴ አባል ቢሆን እመርጣለሁ። በእኛ ዘንድ እንዲሁ በአጋጣሚ ሆነ፤ የአንድ የኮሚቴ አባል ልጅ ሞተር ብስክሌቱን ከደረጃው ሥር ያቆም ነበርና፣ ቤንዚን ያለበት ነገር ብቸኛ መውጫ ሥር መቆሙ የእሳት አደጋ መሆኑ ተገልጾ ለአባትየው ተጻፈ። አባትየው ደብዳቤውን ፈርሞ ወሰደ፤ ሞተሩም በማግሥቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ «ለእነርሱስ?» የሚል ጥያቄ አላነሣም።

የአምፖል ስርቆት በተደጋገመበት ጊዜ አንድ አባል እንደ ጥንቱ አውጫጭኝ ይደረግ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ከግቢ አይውጣ ብሎ ነበር። ተሳቀበት፤ እርሱ ግን ቁም ነገሩን ነበር። አምፖሉን በሽቦ ፍርግርግ ሸፍነን ከፍ አድርገን ስንሰቅለው ሌባው ሳይታወቅ ስርቆቱ ቆመ። ከምርመራ ይልቅ ፍርግርግ ይረክሳል።

ተከራዮችን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በከተማው ለኪራይ የሚወጣው ቤት በዝቷል፤ ባለቤቶቹ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ ውጭ አገር ናቸው። ተከራዩ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል፤ ባለቤቱ በስልክ «ተከራዩ ይክፈል» ይላል። ለማኅበሩ አባሉም ተጠያቂውም ባለቤቱ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ስምምነት የራሳቸው ጉዳይ ነው። ተከራዩ ግን ደንቡን ሳያየው እንዲያከብር መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ስለሆነ፣ ሲገባ አንድ ቅጂ ተሰጥቶት እንዲፈርም አድርገናል። «ተከራዩን አስወጣልን» ብሎ ባለቤትን ማስጨነቅ ግን የኮሚቴ ሥራ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሆነበት ከተማ የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ ስለማይችል፣ ባለቤቱን ውል አፍርስ እያልነው ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ያልከፈለ ባለቤት ካለ ማኅበሩ ያለው መንገድ ክስ ነው፤ ለክስ ደግሞ ውሳኔው ያለበት ቃለ ጉባኤ፣ የተላከው ማስጠንቀቂያና የተጣራ ሒሳብ ያስፈልጋል። መዝገብ የሌለው ማኅበር እውነት ይዞም ይሸነፋል።

ኮሚቴ ፈጽሞ ሊደራደርበት የማይገባ ጉዳይ ቢኖር ግድግዳና ኮሎን መንካት ነው። የምድር ቤት ባለቤቶች ሱቅ ለማስፋት መዶሻ ያነሣሉ፤ «የራሴ ቤት ነው» ይላሉ። በሕንፃ አዋጅ መሠረት ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ነው፤ የኮሚቴ ሊቀመንበር «ችግር የለውም» ብሎ መፈረሙ ዋጋ የለውም። ከላይ የሚተኙት ሰዎች ሁሉ የተኙት በዚያ ኮሎን ላይ ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አልጠብቅም፤ በቃል፣ በደብዳቤ እያልሁ ሳልቆይ መዶሻው በተሰማበት ቀን ለሹሙ ማመልከት ተገቢ ነው።

ለመጪው የግንቦት ጠቅላላ ጉባኤ የቀረው ከባዱ ነገር የፍሳሹ ጉድጓድ ነው። ምድር ቤት ያለው ምግብ ቤት የሚለቀው ቅባት በቱቦው ውስጥ እየረጋ፣ ጉድጓዱ እንደ ድሮው ሳይቆይ የመምጠጫ መኪና ያስጠራል። ምግብ ቤቱ እንደ ማንኛውም ቤት በድርሻው እየከፈለ ስለሆነ ተጨማሪ አልከፍልም ይላል፤ የላይኞቹ ደግሞ የእርሱን ቅባት ለማስመጠጥ አናዋጣም ይላሉ። እኔ ያቀረብሁት ሐሳብ፣ ከቅጣት በፊት ማኅበሩ ራሱ ከምግብ ቤቱ መውጫ ላይ የቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ በጋራ ወጪ ያሠራ፤ ከዚያ በኋላ ያን ማስቀሪያ በየጊዜው ማጽዳት የምግብ ቤቱ ግዴታ ይሁን፤ ካላጸዳ የመምጠጫውን መኪና ሙሉ ዋጋ እርሱ ይሸፍን የሚል ነው። ገንዘብ ያዡ የጋራ ወጪ መባሉን አጥብቆ ይቃወማል፤ ነጋዴ ለሚያተርፍበት ሥራ ጡረተኛ ማዋጣት የለበትም ባይ ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሁለቱም ሐሳቦች ከነዋጋ ግምታቸው ከምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ድምፅ የሚሰጠውም በየቤቱ ድርሻ ይሆናል።